ከገጠር ለጉዳይ ወደ ጎንደር ስትሄዱ የሰው አደራ እንዴት ነው የምትይዙት?

ወገራ_በጎፈቃደኛ

እንዴት ናችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። ያለሁት ወገራ ውስጥ ነው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ገባ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ፤ በበጎ ፈቃድ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። ከምኖርበት እስከ አስፋልቱ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ከዚያ ጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሩቅ የሚባል አይደለም። ግን ለጉዳይ ጎንደር የምሄድበት ቀን ከማስተምርበት ሳምንት ሁሉ ይከብደኛል፤ የምሄደው ለራሴ ጉዳይ ብቻ አይደለማ።

«ነገ ጎንደር ልትሄድ ነው» ከተባለ በሬ ሳይንኳኳ አያመሽም። አንዷ እናት ልጇ የምትወስደውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ባዶ ብልቃጥና የክትትል ካርዷን ይዛ ትመጣለች። ብሩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች። ቋጠሮውን በጥርሷ ትፈታና የተጨማደደውን ኖት አንድ በአንድ እያቃናች መዳፌ ላይ ትቆጥርልኛለች፤ ከዚያ «አንቺም ቁጠሪው» ትለኛለች። አንዱ አባወራ ቻርጅ አልይዝ ያለ ስልኩን ይሰጠኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ጧፍና ዕጣን ያዝዙኛል። ተማሪው የ8ኛ ክፍል ካርዱን ኮፒ አድርጊልኝ ይላል፣ ሌላው የበጎች የትል መድኃኒት፣ ሌላው አረብ አገር ያለችው ልጁ የላከችለትን ገንዘብ «አውጥተሽ አምጪልኝ» ይላል። የስኳር ሕመም ላለባቸው አንድ አባት ኢንሱሊን አለ። በዚህ ላይ የእኔው ክፍል ጠመኔና እስክሪብቶ።

ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቼ 12 ሰዓት ላይ አስፋልት እደርሳለሁ። መኪናው ሞልቶ ካለፈኝ ሌላውን መጠበቅ ነው። ወደ ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ደባርቅ መስመር የሚወጣ መኪና ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ያውም መንገዱ ሰላም በዋለበት ቀን። እንግዲህ በመሃል ያለችው ሰዓት ናት ለዚህ ሁሉ የምትበቃው።

የእኔ አቋም መድኃኒት ይቅደም የሚል ነው፤ ሌላው ጊዜ ከተረፈ። ግን ዕጣኑን ሳልይዝ ብመለስ ገበዙን እንዴት ቀና ብዬ አያቸዋለሁ? ተመሳሳይ ኑሮ የኖራችሁ ካላችሁ፣ በምን ቅደም ተከተል ትሄዳላችሁ? የቱን ትቀበላላችሁ፣ የቱንስ «አልችልም» ትላላችሁ? ኢንሱሊኑን ደግሞ በዚያ መንገድ ሳይበላሽ ማድረስ ይቻላል ወይ?

ደምቢያ_ነበርኩ

እኅቴ፣ አይዞሽ። እኔም ደምቢያ ገጠር ውስጥ በበጎ ፈቃድ ስሠራ ኑሮዬ ይኸው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልምከርሽ፤ የምትቀበይውን ሁሉ በደብተር ላይ ሰውየው ፊት ጻፊ። ስም፣ የተሰጠሽ ብር፣ የታዘዘው ነገር። ከዚያ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት። ስትመለሺ ደረሰኙንና መልሱን አብረሽ አስረክቢ፣ መልሱ አንድ ብር ቢሆንም። ደረሰኝ የማይሰጥ ሱቅ ከሆነ ዋጋውን ሻጩ ራሱ በእጁ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። ተማሪዎችሽ ማንበብ እየለመዱ ስለሆነ ራሳቸው ደብተሩን ያዩታል። እኔ ጋ አንድ ተማሪዬ የነበሩ እናት የራሳቸውን መስመር ጣታቸውን እያስሄዱ አንብበው «ልክ ነው» ሲሉኝ ያየሁት ደስታ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

የብዙ ሰው ብር አንድ ኪስ ውስጥ አትቀላቅይ። የየሰዉን በየወረቀቱ ጠቅልለሽ ስሙን ጻፊበት።

መድኃኒት_ቤት_ውስጥ

ጎንደር መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ጥያቄሽ የሥራዬ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው።

መጀመሪያ የልጅቷ ነገር። ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው። ይህ መድኃኒት ቁጥጥር ስላለበት በተራ ማዘዣ አይሰጥም፣ ልዩ የማዘዣ ወረቀት አለው። ባዶ ብልቃጥ ብቻ ይዘሽ ብትመጪ የሚሰጥሽ መድኃኒት ቤት መኖር የለበትም፤ የሚሰጥሽ ካለ ራሱን ጠርጥሪው። ካርዱን መያዝሽ ትክክል ነው፤ ክትትል የሚደረግበት ክፍል ካርዱን አይቶ ማዘዣ ሲጽፍ ነው መንገዱ። ደግሞ ለእናትየዋ አጥብቀሽ የምትነግሪያት ነገር አለ፤ ይህ መድኃኒት በድንገት አይቋረጥም። አልቆ ጥቂት ቀን ቢታለፍ በሽታው ተመልሶ ሊነሳ ይችላል፣ ያውም ሳያባራ የሚደጋገም መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሕይወት ያሳጣል። ገጠር ላይ ምድጃ ክፍት ነው፣ ወንዝ ቅርብ ነው፤ በቃጠሎ ከሚመጡ ልጆች መሃል በዚህ በሽታ እሳት ላይ የወደቁ አሉ። ስለዚህ ብልቃጡ ባዶ ሲሆን ሳይሆን የሁለት ሳምንት ሲቀረው ለአንቺ እንድትነግርሽ ተስማሙ። ጸበል ከወሰደቻትም ትውሰዳት፣ ክኒኑን ግን ጸበሉ ቦታም ትዋጥ። ይህን ካህናቱ ራሳቸው ቢነግሯት ከእኔም ከአንቺም በላይ ይሰማል።

ኢንሱሊን ይደርሳል። ያልተከፈተ ብልቃጥ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ እስካላለፈ ድረስ ለ4 ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ መቆየት ይችላል። የወገራ ብርድ ለኢንሱሊን ምቹ ነው፤ የሚያሰጋው መንገዱ ነው። አፈ ሰፊ ፔርሙስ ያዢ፤ ሻይ ያልነካውና ሽታ የሌለው ይሁን፣ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቀሽ አድርቂው፣ ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልለሽ ክተቺ። በረዶ ካገኘሽ ብልቃጡን በቀጥታ እንዳይነካው፤ የቀዘቀዘ ይጠቅማል፣ በረዶ የሠራ ግን ቢቀልጥም ይጣላል። ደመና የሚመስለው ዓይነት ከሆነ በመዳፍ ቀስ ብሎ ሲንከባለል እኩል መደባለቅ አለበት፤ ድቡልቡል ነገር ከታየበት አይወጋ።

ቤት ውስጥ ሁለት የሸክላ ማሰሮ፣ አንዱ ከአንዱ ውስጥ ገብቶ በመሃላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። ውኃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ጥላ ባለበት መሬት ላይ ይቀመጥ።

የደም ግፊት መድኃኒት «የጎረቤቴን ዓይነት ግዢልኝ» የሚልሽ ሰው ካለ ግን በፍጹም አትቀበዪ። እሱ ሰው ግፊቱ ሳይለካ የሚዋጥ ነገር የለም። ለካፕሱልም እንዲሁ፤ ለሳል፣ ለቁስል፣ ለሁሉም አሞክሳሲሊን እያሉ የሚልኩ አሉ።

ልክ_ልኩን

ሁላችሁም እንዴት ይሸከም ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ ደግሞ መሸከሙ ራሱ ይጠየቅ እላለሁ። አንቺ እዚያ ቀበሌ ለዘለዓለም አትኖሪም። ስትሄጂ ልጅቷ መድኃኒቷን ከማን ታገኛለች? በጎ ፈቃደኛ ሰው የሌለውን መንገድ መክፈት አለበት፣ ራሱን መንገድ ካደረገ ግን ሲነሳ ሁሉም ይዘጋል።

በውክልና የማይሆኑትን ደግሞ ከአሁኑ ለይተሽ ንገሪያቸው። ከውጭ የተላከ ገንዘብ የሚወጣው ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ሲቀርብ ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩን ለአንቺ መስጠቱም ለሁለታችሁም አደጋ ነው። ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይፈልጋል፤ የማንንም ዓይን ይዘሽ መሄድ አትችይም። ሰውየው ራሱ አንድ ቀን ይምጣ፣ ፋይዳውንም ገንዘቡንም አንድ ላይ ይጨርስ። ከዚያ ወዲያ ልጁ በቀጥታ ወደ ባንክ ሂሳቡ ትላክለት። ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የአገር ውስጡን ብር በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ መላክ ብዙ ቦታ ቀርቷል፤ ኔትወርክ ባለበት ጊዜ እሱን ልመዱ።

ወገራ_በጎፈቃደኛ

@ልክ_ልኩን፣ የገንዘቡን ነገር ተቀብያለሁ፤ ለአባወራው ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። መሸከሙ ይጠየቅ ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ልጅቷን አውቃታለሁ። የምታድረው ከእኔ ሁለት ቤት አልፎ ነው። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ በወሰደችበት ወራት ከብት ትጠብቃለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እኔ ክፍል ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ፊደል ትቆጥራለች። ዘላቂው መንገድ እስኪከፈት ብዬ ብልቃጡን አልቀበልም ልላት አልችልም። ሁለቱም አብሮ መሄድ አለበት። የዛሬውን አደርሳለሁ፣ የነገውን ደግሞ ከጤና ኬላዋ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር እፈልጋለሁ።

@መድኃኒት_ቤት_ውስጥ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለገበዙ እነግራቸዋለሁ፤ ልጅቷን ስለ ክኒኑ እሳቸው እንዲመክሯት።

የገበሬ_ልጅ_ከዳባት

በላኪዎቹ በኩል ሆኜ ልናገር። አባቴ ዳባት ገጠር ገበሬ ነው። ከተማ ያለ ሰው «ለምን ራሳቸው አይሄዱም» ይላል። ሰኔና ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከእርሻ መቅረት ማለት ዝናቡ ያራሰውን መሬት ሳይዘሩ ማሳለፍ ነው። በሬ ተቀናጅቶ ተራ ለያዘ ሰው ደግሞ ተራው ለሌላ ያልፋል። በዚያ ላይ የመኪና ደርሶ መልስ፣ ጎንደር ላይ ምሳ፣ መኪና ካመለጠው ማደሪያ። አንድ ብልቃጥ ለማምጣት ዶሮና እንቁላል ተሸጦ አይበቃም። ለዚህ ነው የሚሄድ ሰው ሲገኝ አገር ሁሉ የሚልከው። ከድሮም እንዲሁ ነው፤ ነጋዴውም፣ ለክስ የሚወርደውም፣ የቆሎ ተማሪውም የሰው መልእክት ሳይዝ አይሄድም ነበር። አንቺን የላኩሽ እንደ ልጃቸው ስላዩሽ ነው።

በወር በዓላት፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ቀን ገበሬው እርሻ ስለማይነካ ብዙ ሰው ጉዳዩን ለዚያ ቀን ያደርገዋል። ራሱ መቅረብ ያለበትን ሰው በዚያ ቀን ይዘሽው ውረጂ። አንቺ ለብቻሽ ስትሄጂ ግን ሌላ ቀን ይሻልሻል፣ መኪናው ይቀልላል።

የደባርቅ_መስመር

እታለም፣ በዚሁ መንገድ ሚኒባስ እነዳለሁ። ስለ ኢንሱሊኑ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ክብር ነው ብሎ ጋቢና ይቀመጣል፣ ዕቃውንም ዳሽቦርድ ላይ ያስቀምጣል። የብዙዎቹ ሚኒባሶች ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ነው፣ ዳሽቦርዱን ደግሞ ፀሐይ ይመታዋል። ፔርሙሱን ይዘሽ ከኋላ፣ በጥላው በኩል ተቀመጪ፤ ጭንሽ ላይ ይሁን እንጂ ጣሪያ ላይ እንዳይጫን። ወደ ጎንደር ስትወርጂ ጠዋት በቀኝም በግራም ግድ የለሽም፤ ስትመለሺ ግን ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ነው፣ ወደ ሰሜን ስትወጪ በግራ መስኮት ይገባል። በቀኝ ተቀመጪ።

ክረምት ላይ ኮሶዬ አካባቢ ጉሙ ወፍራም ነው፤ መብራት አብርተን እየተንፏቀቅን ነው የምናልፈው። ስለዚህ በክረምት ጠዋት አንድ ሰዓት ይጨመራል ብለሽ አስቢ። ማታውንም እንዲሁ።

ሌላው፣ የማይበላሽና ዋጋው ያልከበደ ዕቃ ከሆነ ሁሌ አንቺው መምጣት የለብሽም። ጧፍ፣ ጠመኔ፣ ደብተር ከሆነ ጎንደር ያለ የምታውቂው ሰው ገዝቶ ታርጋውን ጽፎልሽ ለሹፌር ይስጠው፣ አንቺ አስፋልት ላይ ትቀበያለሽ። በዚህ መስመር ይህ የተለመደ ነው። መድኃኒትና ብር ግን በሹፌር አትላኪ። እኛ ታማኝ ስላልሆንን አይደለም፤ ፍተሻ ላይ መኪና ሊቆም ይችላል፣ ዕቃው ማን እጅ ሊያድር እንደሚችል አይታወቅም።

የቆላድባ_ጡረተኛ

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ የጤና መኮንን ሆኜ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓላማው ገጠር ወርደው የሚሠሩ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ ሳኒታሪያን። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቆላድባ ጤና ጣቢያና ሌሎችም ቦታዎች እየወጡ ሕዝቡ መሃል ይሠለጥኑ ነበር፤ ያ ልማድ ዩኒቨርሲቲ ከሆነም በኋላ ቀጥሏል። የተማርነው ሕክምናው ወደ ሰዉ ይሂድ ተብሎ ነው። አሁን ያነሳሽው ነገር የዚያው ጥያቄ ተከታይ ስለሆነ ልቤን ነካው።

@ልክ_ልኩን ያለው ውስጥ እውነት አለ። የሚጥል በሽታ፣ ስኳርና የደም ግፊት የመሳሰሉት ክትትል በጎንደር ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በነርሶች እንዲሰጥ ጎንደር ላይ ብዙ ዓመት ተለፍቶበታል። ሰው መድኃኒቱን በቅርቡ ካገኘ አያቋርጥም፤ ርቀቱ ነው የሚያስቆመው። ስለዚህ የልጅቷ እናት አንድ ጊዜ ልጅቷን ይዛ ሆስፒታል ትምጣና ሐኪሙ «ክትትሏ በጤና ጣቢያ ይቀጥል» የሚል ወረቀት ከነመጠኑ እንዲጽፍላት ትጠይቅ። ከዚያ በፊት አንቺ አምባ ጊዮርጊስ ስታልፊ ወደ ጤና ጣቢያው ጎራ ብለሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፤ ይህ መድኃኒት በመደበኛነት ይገባል ወይ? ለክትትሉ የሠለጠነ ነርስ አለ ወይ? የሚገባው አንድ ወር አንድ ወር እየዘለለ ከሆነ ክትትሉን አታዛውሩ፤ መቆራረጡ ከርቀቱ ይብሳል።

የጤና መድህን ካርድ ካላቸው ደግሞ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ከኪሳቸው ሊከፍሉ ይችላሉ። ሪፈሩን ያጽፉ። ይህን ባለማወቅ በግ ሸጠው የመጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

መገጣጠሚያውን የሚያመውና ልቡ የተነካ ልጅ በቀበሌሽ ካለም ልብ በዪ። በየ4 ሳምንቱ የሚወጋ ፔኒሲሊን ይታዘዝለታል። ያ መርፌ በመልእክተኛ አይሆንም፤ ልጁ ራሱ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። አንቺ ማድረግ የምትችይው ቀኑን በደብተርሽ ይዘሽ ማስታወስ ነው።

አዘዞ_እኅት

አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። ዓርብ ቢሮ ያለሽ ጉዳይ ካለ ከ5:30 እስከ 7:30 ምሳ ነው፣ ለጁምዓ ሲባል ይረዝማል። ለአንቺ ሁለት ሰዓት ማለት ብዙ ነው። ዓርብን ተዪው።

ወገራ_በጎፈቃደኛ

ደርሼ ተመለስኩ። እንዴት እንደዋልኩ ልንገራችሁ፣ ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል።

ማታውን ደብተሩን ከፍቼ እያንዳንዱን በፊታቸው ጻፍኩ፣ አነበብኩላቸው። ገበዙ «ጧፉ ለቅዳሜ ይድረስ እንጂ ዛሬ ባይሆንም አይጎዳም» አሉኝ፤ ሳልጠይቃቸው ነው። የፈራሁት ነገር ሁሉ ከላኪዎቹ ጋር ብነጋገር ኖሮ የሚቀልል ነበር። አባወራው ስለ ገንዘቡ ከገባቸው በኋላ በመጪው የማርያም ዕለት አብረን እንድንወርድ ተስማማን፤ ፋይዳቸውንም ያወጣሉ።

ጎንደር እንደገባሁ መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል። ካርዱን አስገብቼ ተራ ይዤ ጠበቅኩ። ከዚያ በፊት የሚያስቸኩለኝ ሌላ ነገር ስላልነበረ ልቤ አልተከፈለም። ነርሷ ካርዱን አይታ ልጅቷ ከታየች መቆየቷን ነገረችኝ፤ ለአንድ ወር የሚሆን ታዘዘ፣ በሚቀጥለው ግን ልጅቷ ራሷ መቅረብ አለባት፤ ክብደቷ ስለጨመረ መጠኑ እንደገና መታየት አለበት። ይህን እኔም እናትየዋም አናውቅም ነበር። ብልቃጥ ብቻ ሲመላለስ ልጅ እያደገች መሆኑ ይረሳል። በዚያው ወደ ጤና ጣቢያ የሚያዛውራትን ወረቀትም እንጠይቃለን።

ኢንሱሊኑን የገዛሁት መጨረሻ ላይ ነው፣ ወደ መናኸሪያ ልሄድ ስል። ስልኩን አራዳ አካባቢ ጠዋት ሰጥቼ ከሰዓት ወሰድኩት፣ የቻርጅ ማስገቢያው ብቻ ነበር። ኮፒውን ፒያሳ አነሳሁ። የበጎቹን መድኃኒት አልገዛሁም፤ አምባ ጊዮርጊስ ያሉትን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ልጠይቅና በበጎቹ ክብደት ይነግሩኛል ብዬ ለባለቤቱ ነገርኩት። ትንሽ ቅር ብሎታል፤ ልክ ስለሆነ ግን አልጸጸትበትም።

በቀኝ በኩል ተቀምጬ ወጣሁ። @የደባርቅ_መስመር፣ ትክክል ነህ፣ በግራ ያሉት ሁሉ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር።

ጤና ጣቢያው ላይ ነርሷን አግኝቻታለሁ። የሚጥል በሽታ ክትትል ያላቸው ሌሎች ሰዎች እንዳሉ ነገረችኝ፤ የመድኃኒቱን አገባብ ከመዝገቡ አይታ በስልክ ልታሳውቀኝ ነው። የጤና ኬላችን ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቤት ለቤት ስትዞር የማን መድኃኒት መቼ እንደሚያልቅ በእሷም መዝገብ እንዲያዝ ተስማምተናል። እኔ ብሄድም መዝገቡ ይቀራል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ለ@መድኃኒት_ቤት_ውስጥ ነው። እኛ ጋ ክረምት ላይ በጣም ይበርዳል። ማሰሮው መሃል ያለውን አሸዋ በክረምትም ማርጠብ አለብን?

ልክ_ልኩን

መዝገቡ መያዙ ደስ አሰኝቶኛል። እንዲህ ከሆነ እኔም ከሐሳብሽ ጋር ነኝ። ጎንደር ነው የምኖረው፤ ጠመኔና ጧፍ ገዝቶ ለሹፌር መስጠት ካስፈለገ በውስጥ መልእክት ጻፊልኝ።

መድኃኒት_ቤት_ውስጥ

በክረምት አሸዋውን አታርጥቡ፣ ደረቅ ይሁን። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው አየር ራሱ ይበቃዋል፤ ማሰሮው የሚጠቅመው ከምድጃው ሙቀት ለመከለል ብቻ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ሲኖር ደግሞ ከመሬቱ አንስታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉትና ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጋችሁ አሳድሩት፤ በረዶ እንዳይሠራ ነው። የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉ፤ 4 ሳምንት ሲሞላው የተረፈውን ጥላችሁ አዲስ ክፈቱ። የሚወስዱት መጠን በብልቃጥ ስንት ቀን እንደሚያስኬዳቸው ካርዳቸውን ስታመጪልኝ አብረን እናሰላዋለን።